የድባቴን መድኃኒት ስለ መተው ሥርዓት

ከጉና ተራራ ራስ እስከ ፎገራ ሜዳ፣ ከንፋስ መውጫ እስከ አዲስ ዘመንና እስከ ጣራ ገዳም ደን ድረስ በተዘረጋው በደቡብ ጎንደር አገር፣ ድባቴ የጸናበት ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መድኃኒት መቀበሉ በአባቶቻችን ዘመን ያልነበረ፣ በእኛ ዘመን ግን እየተለመደ የሄደ ነገር ነው። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚጀመር ሐኪሙም ነርሱም ያስተምራሉ፤ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፍ ቢደርቅ ወይም ሆድ ቢረበሽ ምን እንደሚደረግ ይናገራሉ። እንዴት እንደሚተው ግን የሚያስተምር እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ሰው በራሱ ፈቃድ፣ አንዳንዴም ያለ ፈቃዱ፣ በአንድ ቀን ያቋርጠዋል፤ ካቋረጠም በኋላ የሚወርድበትን መከራ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ይሸከመዋል። መድኃኒት መጀመር የሕክምና ክፍል እንደ ሆነ ሁሉ መድኃኒት መተውም የሕክምና ክፍል ነውና፣ ጅማሬው ሥርዓት እንዳለው ፍጻሜውም ሥርዓት ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ ሩቅ አይደለም። ሮላንድ ኩን የተባለው የስዊስ ሐኪም፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በሙንስተርሊንገን የአእምሮ ሆስፒታል ሲሠራ፣ ኢሚፕራሚን የሚባለው መድኃኒት በትካዜ የወደቁ ሕሙማንን እንደሚያቃና እ.ኤ.አ. በ1957 ገለጠ፤ በዚያው ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ ተሠርቶ የነበረው ኢፕሮኒያዚድ የሕሙማኑን መንፈስ ሲያነቃቃ ስለ ታየ ለድባቴ ዋለ። ኢሚፕራሚንን በድንገት የተዉ ሰዎች እንደሚታመሙ ሐኪሞች በጽሑፍ ያስታወቁት ገና እ.ኤ.አ. በ1959፣ መድኃኒቱ በታወቀ በሁለተኛው ዓመት ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ይሁን እንጂ ፍሎክሰቲን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ተፈቅዶ፣ ወንድሞቹም ተከትለውት ዓለምን በሞሉበት ጊዜ፣ መድኃኒቱን ሲተዉ የሚመጣው ሕመም ቀላልና በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት የሚያልፍ ነው የሚለው አነጋገር ገነነ፤ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ የተሠቃዩት ሕሙማን ጩኸትም ለብዙ ዓመታት ሰሚ ሳያገኝ ቆየ። የእንግሊዝ የአእምሮ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ፣ ሕመሙ በአንዳንድ ሰው ላይ ብርቱና ረጅም ሊሆን እንደሚችል በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲኖር፣ ከእስቴ ወይም ከፋርጣ ዘመዱን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ የሚዘልቅ ሰው ጥቂት ነበር። የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና በ1970ዎቹ መጨረሻ ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ተባብሮ በሁለተኛ ዲግሪ ባለሙያዎችን አስተማረ። በዚህ ሁሉ ድካም ሕክምናው ወደ አውራጃ ከተሞች ቀረበ፤ ዛሬ በደብረ ታቦር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በዚያም ሆነ በሌሎቹ የመንግሥት ጤና ተቋማት ለድባቴ በብዛት የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሰቲን ሲሆኑ፣ ሰርትራሊን የሚያገኝም አለ። አሚትሪፕቲሊን ለጸና ራስ ምታትና ለነርቭ ሕመም ጭምር ስለሚሰጥ፣ የድባቴ መድኃኒት መሆኑን ሳያውቅ ለዓመታት የሚውጠው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ይህ ሰው ራስ ምታቱ ሲተወው መድኃኒቱን ከመስኮት ላይ ጥሎ ይረሳዋል፣ በሦስተኛው ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንዳጣና ለምን እንዳላበው ግን አይገባውም።

መድኃኒት የሚቋረጥባቸው መንገዶች በእኛ አገር የታወቁ ናቸው። አንደኛው ደኅና መሆን ነው፤ ሰው ከዳነ በኋላ መድኃኒት መዋጥ የበሽተኛነት ምልክት ሆኖ ይታየዋል፣ ጎረቤትም «አሁንም ትውጫለሽን?» እያለ ያሸማቅቃል። ሁለተኛው ድህነትና የመድኃኒት እጥረት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ፎገራ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረችና፣ መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ መታከም ችሏል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከመጋዘን ያለቀ ዕለት ወደ ግል ፋርማሲ ይላካል፣ እዚያም ኪሱ ካልቻለ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሦስተኛው የጦርነት ነገር ነው። ንፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በጦር ተይዛ በቆየችበት ወቅት በሕዝቡ ላይ፣ በተለይም በሴቶች ላይ፣ የደረሰው ግፍ ብዙዎችን ለድባቴና ለጭንቀት የዳረገ ከመሆኑም በላይ፣ ቀድሞ የሚታከሙትንም ከመድኃኒታቸው ለይቷቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በተነሣው ውጊያ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ ያልፋል፣ መድኃኒትም ይዘገያል። እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን አልተዉትም፤ መድኃኒቱ ነው የተዋቸው።

አራተኛውና እጅግ የሚያሳስበኝ ግን የጠበሉ መንገድ ነው። ይህን የምጽፈው ጠበልን ለመንቀፍ አይደለም፤ በጠበል የተጽናና፣ በጸሎት የተደገፈ፣ በገዳም ጸጥታ ውስጥ ልቡናው የተመለሰለት ሰው ስንት እንደ ሆነ እኛ የዚህ አገር ልጆች እናውቃለን። ነገር ግን ሕመምተኛው ወደ ጠበል ሲሄድ ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ሱባዔ ሊይዝ፣ መድኃኒቱን ከቤቱ ትቶ ነው የሚሄደው፤ አንዳንዱ ከእምነት የጎደለ እንዳይመስልበት፣ አንዳንዱም አጠገቡ ያለ ሰው «ከሁለት አንዱን ምረጥ» ስለሚለው። ሲጾም፣ ሌሊት ሲነሣ፣ በብርድ ሲጠመቅ ይሰነብትና፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ራሱ ይዞረዋል፣ ሆዱ ይገለበጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንባው ያለ ምክንያት ይፈስሳል፤ ሌሊት በሚያስፈራ ሕልም ጮኾ ይነቃል፤ ዓይኑን ወደ ጎን ሲያዞር በራስ ቅሉ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት ብልጭ ብሎ ያልፋል። የቆሙት ሰዎችም ይህን አይተው መንፈሱ ተቆጣ፣ ሊገለጥ ነው ይላሉ። ሕመምተኛው ያን ይሰማል፤ ያምናልም፤ በፊት የነበረበት ድባቴ ብቻ ነበር፣ አሁን ደግሞ ርኩስ መንፈስ ያደረበት መስሎት ፍርሃት ይጨመርበታል። በሥጋው የሆነው ግን ሐኪም ሊነግረው የሚችል፣ ስምና ምክንያት ያለው፣ የሚያልፍም ነገር ነበር።

ምክንያቱም ይህ ነው። በአንጎል ያሉ ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ሴሮቶኒን ነው፤ ፍሎክሰቲንና ወንድሞቹ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ወጣበት ሕዋስ ተመልሶ እንዳይገባ መግቢያውን ይይዛሉ። አንጎል ግን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ራሱን ከመድኃኒቱ መኖር ጋር ያስማማል። መድኃኒቱ በአንድ ቀን ሲጠፋ፣ የተስማማው አካል ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ እስኪመለስ ድረስ ይናወጣል። የሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት ሆዱን በተልባ ሳያለሰልስ ጮማ ቢበላበት እንደሚታመም፣ አካል የለመደውን ነገር ለመለወጥ ጊዜ ይሻል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ሌላም ሥራ አለው፤ አፍን የሚያደርቅ፣ ሆድን የሚያዘገይ ነውና፣ በድንገት ሲቀር ተቃራኒው ይመጣል፦ ምራቅ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ። ይህን የሚያዩ ሰዎች መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል ብለው ይደመድማሉ፤ ሆኖም ጫት ወይም አረቄ የለመደ ሰው እንደሚቃጠልለት መድኃኒቱን ለማግኘት የሚቃጠል ሕመምተኛ አይታይም፣ መጠኑን ከፍ ከፍ ለማድረግም አይመኝም። አካሉ ለምዶታል፤ ልቡ ግን አይመኘውም።

ከሚተዉት ሰዎች ስንቱ ይታመማል የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን አከራክሯል። ዴቪስና ሪድ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ከ100 ሰው 56ቱ ምልክቱ እንደሚያገኛቸው፣ ከእነዚህም ግማሽ የሚሆኑት ብርቱ ነው እንዳሉ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የጀርመን ተመራማሪዎች ባወጡት ሰፊ ዳሰሳ ደግሞ፣ መድኃኒቱን ከተዉት 31 በመቶው፣ መድኃኒት መስሎ የተሰጣቸውን ባዶ ክኒን ከተዉት ደግሞ 17 በመቶው ምልክት እንደ ታየባቸው፣ ስለዚህ በእውነት ከመድኃኒቱ መቅረት የሚመጣው ከስድስት ወይም ከሰባት ሰው በአንዱ ላይ እንደ ሆነ፣ ብርቱው ሕመምም 3 በመቶ ገደማ እንደ ሆነ ታየ። የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ሕመምተኞች በራሳቸው ፈቃድ በሞሉት መጠይቅ ላይ ስለ ተደገፈ ሳይበዛ አልቀረም፤ የኋለኛው ደግሞ አብዛኛው መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ብቻ በወሰዱ ሰዎች ላይ ስለ ቆመ፣ ለዓመታት ለወሰደው ሰው ሳያንስ አይቀርም። በእኔ ሚዛን እውነቱ በመካከል ነው፤ ብዙዎች በሰላም ይተዋሉ፣ ጥቂቶች ግን እጅግ ይሠቃያሉ፤ ማንኛው ከየትኛው ወገን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ለሁሉም መጠንቀቅ ይገባል።

መድኃኒቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን ከሰውነት ፈጥነው ስለሚወጡ የባሱ ናቸው፤ በደብረ ታቦር እምብዛም ባይገኙም፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለጠበል ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ ወገኖቻችን በቦርሳቸው የሚይዟቸው እነዚህ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍሎክሰቲን ግን በሰውነት ውስጥ ከሚለወጥበት ውላጁ ጋር ለሳምንታት ስለሚቆይ ራሱን በራሱ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሲተው የሚያውከው ያነሰ ነው፤ ሆኖም ችግሩ ቢመጣ እንኳ ሰው መድኃኒቱን መተዉን በረሳበት ጊዜ፣ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

በእነዚህ የቅርብ ዓመታት ከተገኙት ዕውቀቶች ሁሉ ለሕመምተኛው እጅግ የሚጠቅመው፣ ሆሮዊትዝና ቴይለር የተባሉ ሁለት የለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያስረዱት ነው። መድኃኒቱ በአንጎል ላይ የሚያሳየው ኃይል ከመጠኑ ጋር እኩል አይወርድም። ሲታሎፕራም የሚባለውን ብንወስድ፣ 20 ሚሊ ግራም የሴሮቶኒንን መግቢያ 80 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ ወደ 60 በመቶ ለማውረድ 5 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ወደ 40 በመቶ ለማውረድ 2 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ወደ 20 በመቶ ለማውረድም ከ1 ሚሊ ግራም ያነሰ ያስፈልጋል። ከ40 ሚሊ ግራም ወደ 20 ሚሊ ግራም መውረድ ቀላል የሚሆነውና ከመጨረሻዋ ግማሽ ክኒን ወደ ምንም መውረድ የሚከብደው ስለዚህ ነው። ሕመምተኛው ብዙውን መንገድ በደኅና ወርዶ በመጨረሻዋ ላይ ሲወድቅ፣ እርሱም ሐኪሙም ያለ መድኃኒት መኖር እንደማይችል ይፈርዳሉ፤ የወደቀው ግን የመጨረሻው ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ የረዘመ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ እነዚህ ተመራማሪዎች የሚመክሩት፣ ከመጀመሪያው መጠን ሳይሆን ከቀረው መጠን ላይ ጥቂት ጥቂት፣ ከአሥረኛ እስከ ሩብ እጅ፣ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንት እየቀነሱ፣ አካል እስኪረጋ እየጠበቁ መውረድን ነው።

ይህ በለንደን መልካም ምክር ነው፤ በአዲስ ዘመን ግን ፋርማሲው በትንሽ የወረቀት ከረጢት ቆጥሮ የሚሰጠው 25 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን ወይም 20 ሚሊ ግራም የፍሎክሰቲን ካፕሱል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ እኛ ላሉ አገሮች ያዘጋጀው መመሪያ፣ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ መድኃኒቱን ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል፣ ሲተውም ቢያንስ በ4 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ያዝዛል። ይህች «ቢያንስ» የምትለው ቃል እንዳትረሳ እለምናለሁ፤ ለጥቂት ወራት ለወሰደ ሰው አራት ሳምንት ሊበቃው ይችላል፣ ዓመታት ለወሰደ ግን ወራት ያስፈልጋሉ። በእጃችን ባለው ነገርም ብዙ ይቻላል። 75 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው በነርሱ ምክር ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 25፣ ከዚያ በንጹሕ ምላጭ ተከፍላ ወደ ግማሽ፣ ከዚያም ወደ ሩብ ክኒን ሊወርድ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሳምንታት ይቆያል፤ ቢናወጥ ወደ ቀደመው መጠን ተመልሶ፣ ሲረጋ በትንሹ ይቀጥላል። ሰርትራሊንም እንዲሁ ይከፈላል። ፍሎክሰቲንን አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻል ይሆናል፣ በሰውነት ውስጥ ብዙ ይቆያልና፤ ሌሎቹን ግን ቀን እየዘለሉ መውሰድ ሰውነትን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያሠቃይ ስለ ሆነ አይገባም። በዝግታ እንዲፈቱ የተሠሩ ክኒኖችና ካፕሱሎች ሳይጠየቅ መሰበር ወይም መከፈት የለባቸውም።

የመጣው ሕመም መድኃኒቱን ከመተው ነው ወይስ የቀደመው ድባቴ ተመለሰ የሚለውን መለየት የባለሙያ ሥራ ቢሆንም፣ ቤተ ሰብ ሊያስተውለው የሚችል ምልክት አለ። ከመተው የሚመጣው፣ ከፍሎክሰቲን በቀር፣ ፈጥኖ፣ በቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ራስ መዞርንና ንዝረትን የመሰሉ፣ በድባቴው ጊዜ ያልነበሩ ነገሮችን ያመጣል፤ መድኃኒቱ ሲመለስም በጥቂት ቀናት ይበርዳል። ድባቴ ግን ከሳምንታትና ከወራት በኋላ፣ እንደ ቀድሞው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ራሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው ከሁለቱ ከየትኛውም ቢሆን አንድ ሌሊት ሳይታደር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ብቻውንም አይተው።

ሁሉም ሰው መተው አለበት ማለቴ እንዳይመስል፣ ይህን ደግሞ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ሲወስዱ የነበሩና ደኅና የሆኑ 478 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለ52 ሳምንታት ሲከታተል፣ ከቀጠሉት 39 በመቶው፣ ከተዉት 56 በመቶው ድባቴው ተመልሶባቸዋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ መድኃኒቱ በእውነት ይጠብቃል፣ ሆኖም ከተዉት ግማሽ የሚጠጉት ያለ እርሱ ደኅና ሆነው ቆይተዋል። ድባቴ ደጋግሞ የመታው፣ ወይም ከዚህ በፊት ራሱን ለመጉዳት የሞከረ ሰው ቢቀጥል ይሻለዋል። ነፍሰ ጡርም መድኃኒቱን በድንጋጤ ከማቋረጧ በፊት ትጠይቅ። እዚህ የተባለው ሁሉ ስለ ድባቴ መድኃኒት ብቻ ነው፤ በዚያው ክፍል የሚሰጡትን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኖባርቢታልን፣ ወይም የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን በዚህ መለካት አደገኛ ነው፤ ፌኖባርቢታልን በድንገት የተወ ሰው ለሕይወቱ በሚያሰጋ መንፈራገጥ ሊወድቅ ይችላል።

የመተው ጊዜም ይመረጣል። የሐዘን ድንኳን በተተከለበት ወር፣ በአጨዳና በውቂያ ድካም መካከል፣ በፈተና ዋዜማ መጀመር አይገባም። እንቅልፍ ሲጠፋ በአረቄ ወይም በጠላ ለማምጣት መሞከር ድባቴን ይጠራል እንጂ አይረዳም፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡና መቀነስ፣ ቀን ቀን በፀሐይ መሄድ፣ በሰዓቱ መተኛት ይሻላል። ከሁሉም በላይ አንድ የቤት ሰው፣ እናት ወይም እኅት ወይም ባል ይሁን፣ ምን እየሆነ እንዳለ አስቀድሞ ይወቅ፤ ቁጣውና እንባው ከመድኃኒቱ መቅረት የሚመጣ መሆኑ ከተነገረው፣ በእርሱ ላይ የተነሣ ጠብ አድርጎ አይቆጥረውምና።

ወደ ጠበሉ ነገር ልመለስ፤ መፍትሔው በአገራችን ታይቷልና። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ በዚያ ጊዜ መድኃኒታቸውን በጠበል ቦታ የሚጥሉ ነበሩና። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ማርያም ጠበል አጠገብም የአእምሮ ሐኪሞችና ካህናት በስምምነት የሚረዳዱበት ሕክምና ተሞክሯል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ባለ መድኃኒት ክብር ያስተምራል፤ ፍትሐ ነገሥትም ድውይን ከጾም ግዴታ ያሳርፋል። ከዚህም በላይ፣ አሚትሪፕቲሊን በመኝታ ሰዓት ስለሚዋጥ ከጾምና ከጠዋት ጥምቀት ጋር አይጋጭም፤ ፍሎክሰቲንም በሐኪም ምክር ከጾም መፍቻ ሰዓት ጋር ሊስማማ ይችላል። ካህኑ ወደ ጠበል የመጣውን ሕመምተኛ «መድኃኒት ትወስዳለህን? ይዘኸዋልን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአንድ ጤና ጣቢያ ሥራ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ የአእምሮ ነርሶቻችንንና ሐኪሞቻችንን እለምናለሁ፤ መድኃኒቱን በምትጀምሩበት ቀን የሚተውበትንም መንገድ ንገሩ፣ በቀጠሮ ካርዱ ላይም ጻፉት፤ መንገድ ሊዘጋ የሚችል በሚመስልበት ወቅት ለሁለት ወር የሚሆን ለመስጠት ፈቃደኛ ሁኑ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም መድኃኒቱን ለመተው ካሰብህ ዛሬ የምትወስደውን ሳትቀንስ መጀመሪያ ወዳዘዘልህ ሰው ሂድ፤ በእጅህ ያለው ጥቂት ቀርቶ መንገዱ ከተዘጋ፣ እስኪያልቅ ሙሉውን ውጠህ በአንድ ቀን ከመቅረት ለባለሙያው ስልክ ደውለህ የቀረውን እንዴት እየቀነስህ እንደምታደርስ ጠይቅ። ካቋረጥኸውም ሰንብቶ ራስህ የሚዞርህና የምትንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ለምን ተውኸው ብሎ የሚቆጣህ ቢኖር እንኳ ሳታፍር ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስ።